በሰው አፍ መውደድ

አንድ የተማረ ወጣት «ከመጻሕፍት ሁሉ አብልጠህ የምትወደው የትኛውን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ከአፉ ላይ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብርን» ይላል። ከሙዚቃስ የማንን ቢሉት የሙላቱ አስታጥቄን ስም ይጠራል፤ ከፊልም የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ያነሣል፤ ስለ ቴሌቪዥን የጠየቁት እንደ ሆነ ግን ፊቱን ቅጭም አድርጎ «ከዜናና ዕውቀት ከሚሰጥ ዝግጅት በቀር የማየው የለኝም» ይላል። መልሱ እጅግ ያማረ ነው፤ አንድም የሚያሳፍር ነገር የለበትም። እኔን የሚያስቈጣኝም ይኸው ነው። የሚያሳፍር ነገር አንድ እንኳ የሌለበት የመውደድ ዝርዝር ከሰው ልብ ሲወጣ አይቼ አላውቅምና።

ይህን የመሰለውን ወጣት ትንሽ ቀረብ ብላችሁ ጠይቁት። በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡትን ገበሬዎች የመራው ማን እንደ ነበረ፥ ካሣ ዳምጤን አገሬው «ጉዱ» ብሎ የጠራው ስለ ምን እንደ ሆነ፥ የበዛብህ እናትና አባትም ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ምን አግኝቷቸው እንደ ሆነ ጠይቁት። ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ተዋድደው መሞታቸውን ይነግራችኋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ሲሉ የተረቱት ለዚህ ዓይነቱ ሰው ይመስላል። ነገር ግን ባለ ላሙ ይሻላል፤ እርሱ ቢያንስ ወተቷን አላየሁም ብሎ ያምናል። የእኛ ወጣት ግን ያልቀመሰውን ወተት ጣዕሙን ሊያስረዳ ይነሣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቼ ልናገር፤ አለዚያ ንግግሬ ብዙ ቅን ሰዎችን ይጐዳል። መጽሐፉን በዐይኑ ያላነበበ ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለቴ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ይህንኑ መጽሐፍ ሲተርከው ፊደል ያልቈጠሩ አያሌ እናቶችና አባቶች ሬዲዮውን ከበው ሰምተውታል። ከእነርሱ መካከል የፊታውራሪ መሸሻን አነጋገር እያስመሰሉ የሚናገሩ፥ የጉዱ ካሣን ክርክር በቃላቸው የያዙ ነበሩ። እንደዚህ ያለው ሰው «መጽሐፉን በወጋየሁ ድምፅ ሰማሁት፤ ወደድሁትም» ቢል ቃሉ የታመነ ነው፤ መጽሐፉን ገዝቶ ለእንግዳ በሚታይ መደርደሪያ ላይ ካቆመው ሰውም በላይ አንባቢ ነው። ጠቤ በጆሮ ከሰማው ጋር አይደለም። ጠቤ በዐይኑም በጆሮውም ሳያገኘው በሰው አፍ ከሚወደው ጋር ነው።

«ይህ ምን ጉዳት አለው? ሰው ጥሩ መጽሐፍ እወዳለሁ ብሎ ቢዋሽ ማን ይሞትበታል?» የሚሉኝ ይኖራሉ። ጉዳቱን በዚሁ መጽሐፍ ላሳያችሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብርን» ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። በውስጡ የሁለት ወጣቶች ፍቅር አለ፤ ነገር ግን ከፍቅሩ ጋር የባለ መሬትና የጭሰኛ ነገር፥ የግብርና የመተያያ ነገር፥ የዘር ኩራትና የሥርዐት ነገር ተጋምዶ ተጽፏል። አበጀ በለው ገበሬውን ይዞ በጌታው ላይ ሲነሣ ደራሲው የጻፉት የፍቅር ታሪክ ማጣፈጫ አልነበረም። መጽሐፉ በታተመ በ8 ዓመቱ አብዮቱ መጣ፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት በዐዋጅ ከባለ ርስቱ ተወሰደ። እንግዲህ ያን ዘመን ሊያውቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ መጽሐፍ ብዙ ያገኝ ነበር። በሰው አፍ የሚወዱት ሰዎች ግን መጽሐፉን አንድ ጠል እንደ ሌለው ደረቅ አበባ አድርገውት ቀሩ፤ ገበሬው ከውስጡ ወጣ፥ ክርክሩ ወጣ፥ የጉዱ ካሣ ምሬት ወጣ፥ የቀረው በሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ስም ብቻ ነው። ማንም የማይጠላው፥ ማንም የማያነበው መጽሐፍ ከተከለከለ መጽሐፍ ይልቅ የሞተ ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. እንደ ወጣ ከገበያ ተለቅሞ ነበር፤ ሆኖም ሰው እየደበቀ አነበበው፥ እየገለበጠ ተዋሰው። መንግሥት ሊገድለው ያልቻለውን መጽሐፍ ያላነበቡት ወዳጆቹ በቀላሉ ሊገድሉት ይችላሉ።

ደግሞም የሚጠይቃችሁን ሰው አስቡት። «ምን ትወዳለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፈታኝ አይደለም፤ የሚያነበውን ያጣ፥ ወይም ልባችሁን ሊያውቅ የፈለገ ነው። ለዚህ ሰው የተከበረ ስም ብቻ ወርውሮ መሸኘት ውሃ የጠማውን በባዶ ብርጭቆ መቀበል ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በራሱ በተናጋሪው ላይ የሚደርሰው ነው። ያልቀመሰውን የሚያመሰግን ምላስ ቀስ በቀስ የቀመሰውንም መለየት ያቅተዋል። ሲያነብብ «ይህ ደስ አሰኘኝን?» ብሎ ራሱን መጠየቁን ትቶ «ይህ ደስ ሊያሰኘኝ ይገባልን?» ብሎ ሌላውን መጠየቅ ይለምዳል። ቻርልስ ዳርዊን የተባለው የእንግሊዝ የፍጥረት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1876 የሕይወቱን ታሪክ ሲጽፍ ስለዚህ ጉዳይ አንድ የሚገርም ነገር ትቶልናል። በወጣትነቱ ግጥም እጅግ ይወድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1836 በመርከብ ዓለምን ሲዞር የሚልተንን የግጥም መጽሐፍ ይዞ ይወርድ ይወጣ ነበር። ዕድሜው ከገፋ በኋላ ግን ግጥም አንድ መስመር እንኳ ማንበብ እንዳቃተው፥ ሼክስፒርን ሊያነብብ ቢሞክር እስኪያቅለሸልሸው ድረስ እንደ ሰለቸው፥ ለሥዕልና ለሙዚቃ የነበረው ፍቅርም እንደ ጠፋበት ሳይሸሽግ ጻፈ። ደስ የሚሉት ቤተ ሰቡ ጮኸው የሚያነብቡለት ተራ ልብ ወለዶች መሆናቸውን፥ እነዚያም ፍጻሜያቸው የሚያስደስት ሲሆን ብቻ መሆኑን ጨምሮ ተናገረ። ሕይወቱን እንደ ገና ለመኖር ቢታደል ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ጥቂት ግጥም ለማንበብና ሙዚቃ ለመስማት ልማድ ያደርገው እንደ ነበርም አልሸሸገም።

እስቲ ልብ በሉ። በዚያ ዘመን ሼክስፒርን ይሰለቸኛል ብሎ መጻፍ ለአንድ እንግሊዛዊ ክብር አልነበረም። ዳርዊን «ሼክስፒርን እወዳለሁ» ብሎ ቢጽፍ ማን ይመረምረው ነበር? ነገር ግን ሰውየው ዕድሜ ልኩን ትልን፥ ወፍንና አበባን እንዳለ አይቶ እንዳለ መመዝገብ የለመደ ስለ ሆነ የራሱንም ልብ እንዳለ አይቶ መዘገበው። ጣዕሙ መጥፋቱን ያወቀው የነበረውን ጣዕም በእውነት ያውቀው ስለ ነበረ ነው። በሰው አፍ የሚወድ ሰው ግን ጣዕሙ ቢጠፋበትም አያውቀውም፤ ዝርዝሩ ዛሬም ነገም ያው ነውና። ቪትገንሽታይን የተባለው ፈላስፋም እንዲሁ ነው፤ በካምብሪጅ አስተምሮ ሲደክመው ወደ ሲኒማ ቤት ሮጦ ከፊተኛው ረድፍ ይቀመጥ፥ የአሜሪካ ፊልም አፉን ከፍቶ ያይ፥ የወንጀል ምርመራ ታሪክ የሚያወጣ ርካሽ መጽሔትም ከባሕር ማዶ እያስመጣ ያነብብ ነበር። ፍልስፍናው ከዚህ የተነሣ አልቀለለም።

ይህ ሁሉ ግራ መጋባት የሚመጣው ማክበርንና መውደድን አንድ ከማድረግ ይመስለኛል። ማክበር ሌላ ነው፤ መውደድ ሌላ ነው። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» እኔ አከብረዋለሁ። በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ በአማርኛ ልብ ወለድ ያልተሞከረ ነገር ሞክሯል፤ የሰሜን ሸዋ ገጠር ሰው በሚናገርበት አማርኛ ገጸ ባሕርያቱን ተራ በተራ እያናገረ፥ አንባቢውን እጁን ይዞ ሳይመራ በሰዎቹ መካከል አስገብቶ ይተወዋል። ስለ አማርኛ ድርሰት የሚጽፍ ሰው ይህን መጽሐፍ ቢዘልል አላዋቂ ይባላል። ነገር ግን አልወደውም። ማታ ደክሞኝ እጄን ወደ መደርደሪያው ስዘረጋ እጄ ወደ እርሱ አይሄድም። ይህን በመናገሬ ዳኛቸው ወርቁ የሚጐዱበት ነገር የለም፤ ይልቁንም እወደዋለሁ ብዬ ብዋሽ ለሚወዱት ለእውነተኞቹ አንባቢዎቹ ንቀት ይሆን ነበር። መውደድን የሚያውቀው እጅ ነው፤ ወዴት ተመልሶ እንደሚሄድ እጃችሁን ተመልከቱት።

አሁን ወደ ሙዚቃው እንምጣ፤ በዚህ በኩል ነገሩ ከመጽሐፉ ይብሳልና። የሙላቱን ሙዚቃ ዛሬ የሚያወድሱት አያሌ ወጣቶች ውዳሴያቸውን የጀመሩት መቼ እንደ ሆነ ብትመረምሩ፥ አንዱ ከውጭ አገር «ይህማ ድንቅ ነው» ካለ በኋላ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ እትሙ እ.ኤ.አ. በ1998 ለሙላቱ አንድ ሙሉ ክፍል ሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ ሙዚቃውን በፊልሙ ውስጥ አስገባው። ሁለቱም መልካም ሠሩ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ያ ሙዚቃ ከዚያ አስቀድሞ ከ20 ዓመት በላይ በየቤታችን በሸክላ ላይ ተቀምጦ አቧራ ሲጠጣ የነበረ ነው። ፈረንሳዊው መስክሮለት ካልሆነ በቀር የገዛ ጆሯችንን የማናምን ከሆነ፥ ነገ ያው ፈረንሳዊ አይረባም ቢለው ልንጥለው ነውን?

እውነተኛ ወዳጅ ምስክር አይጠብቅም። ዐምሃ እሸቴ የሚባለውን የሙዚቃ ነጋዴ አስታውሱ። በእርሱ ጊዜ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፤ ማኅበሩ ግን የወጣቶቹን አዲስ ሙዚቃ ለማሳተም አልተጋም። ዐምሃ ገና የ20ዎቹ ዕድሜ ሳያልፈው፥ የሚደርስበትን ሳይፈራ፥ እ.ኤ.አ. በ1969 ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር ጀምሮ ሸክላ ከውጭ አገር እያሳተመ አስገባ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። የሙላቱም ሥራ በእርሱ እጅ ታትሟል። ፋልሴቶ ከብዙ ዘመን በኋላ ለዓለም ያሰማው የዚህን ሰው መዝገብ ነው። ዐምሃ ንግዱንም አልጠላም፤ ነጋዴ ነውና። ይሁን እንጂ ማንም ትልቅ ሰው «ይህ ክቡር ነው» ሳይለው በገዛ ጆሮው አምኖ ገንዘቡንና ራሱን አደጋ ላይ ጣለ።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼል ትልቅ ልብ ወለድ፥ እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው፥ ወደ እስር ቤቱ ገባ። መጻፊያ ወረቀት አልነበረም። ነቢይ መጽሐፉን በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ፥ 3,000 ያህል በምትሆን ቁራጭ ላይ፥ በደቃቅ ጽሕፈት ወደ አማርኛ መለሰው፤ እስረኞቹም እየተነበበላቸው ሰሙት። ወረቀቶቹ በስውር ጥቂት በጥቂት ከእስር ቤት ወጡ፤ ኋላም ተሰብስበው «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ስም ታተሙ። ይህ ሰው «የምወደው መጽሐፍ» ብሎ ቢናገር የሚጠራጠረው ማን ነው? ስለ መጽሐፉ ስናነሣ ደግሞ፥ የሚቼል ድርሰት የባሪያ አሳዳሪዎችን አገር እንደ ጠፋ ገነት አሳምሮ የሚያሳይ በመሆኑ ብዙ ተወቅሷል፤ ወቀሳውም እውነት ነው። ለታሰረ ሰው ግን በውስጡ አገሯ ወድቆ፥ ቤቷ ተቃጥሎ፥ ተርባ አፈር እየቧጠጠች የምትነሣ ሴት አለች። መውደድ የተወደደውን ነገር ነውር አያጠፋም፤ ነውሩን አውቆ መውደድ ይቻላል፤ አንብቦ ያወቀ ሰው ብቻ ግን ነው ይህን የሚችለው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ የሚከብደውን ተቃውሞ ልመልስ። አንድ ብልህ ወጣት እንዲህ ሊለኝ ይችላል፤ «ሰው መልካሙን የሚወደው በመጀመሪያ እየመሰለ አይደለምን? ልጅ ቡናን መራራ ነው እያለ ከትልልቆቹ ጋር ይጠጣል፤ ኋላ ሱስ ይሆንበታል። እኔም ዛሬ እወዳለሁ ያልሁትን ነገ በእውነት እወደው ይሆናል።» ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ እኔም ከፊሉን እቀበለዋለሁ። ሰው ካልተከተለ አይማርም። ነገር ግን ያ ልጅ ቡናውን ይጠጣዋል! ሲኒውን ከንፈሩ ላይ ሳያደርስ «ቶናው ግሩም ነበር» ብሎ አይነሣም። የሚሞክር ሰው «ይህን መጽሐፍ ሊወዱት ይገባል ብለውኛልና እየሞከርሁት ነው፤ እስከ አሁን ግን አልገባኝም» ቢል አንድም ነገር አይጐድልበትም፤ ከሰሚዎቹም መካከል የሚያስረዳው አያጣም። ዐውቃለሁ፥ እወዳለሁ ላለ ሰው ግን የሚያስረዳው ማን ነው?

በሌላው ዳር ደግሞ «እኔ ሁሉንም እወዳለሁ» የሚል አለ። በዚህኛው ላይ ቀለም አላባክንም።

ስለ ቴሌቪዥኑ ግን አንድ ቃል ሳልናገር አላልፍም፤ በአገራችን የሐሰተኛ ጣዕም ዋና ሜዳ እርሱ ነውና። በ2008 ዓ.ም. ቃና የተባለው ጣቢያ የቱርክንና የሌሎች አገሮችን ድራማ በአማርኛ አናግሮ ማሳየት ሲጀምር የቲያትርና የፊልም ባለሙያዎቻችን ተቃወሙ፤ እንጀራቸው ነበርና ሊፈረድባቸው አይገባም። የሚፈረድበት ሌላ ነው። ማታ ማታ ድራማውን ሳያመልጠው የሚያይ፥ ራት ሲቀርብ «ትንሽ ቈዩ፥ ሊያልቅ ነው» የሚል፥ ጠዋት ግን ከጓደኞቹ መካከል ቆሞ «ትውልዱን የሚያጠፋው ይህ የቱርክ ነገር ነው» እያለ የሚሰብክ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል። ድራማው መጥፎ ከሆነ ይተወው፤ መልካም ከሆነም መልካምነቱን ይንገረን። እርሱ ዐይቶታልና ከሁላችንም ይልቅ ሊነግረን የሚችለው እርሱ ነበር፤ ታሪኩ ለምን ከወንበር እንደማያስነሣ፥ የአገራችን ድራማ ምን ቢጐድለው እንደዚያ ሊይዘው እንዳልቻለ የእርሱ ምስክርነት ለደራሲዎቻችን ወርቅ በሆነ ነበር። ሐፍረቱ ግን ምስክርነቱን ሰረቀን።

ይህን ሁሉ ስናገር «የአንተስ ዝርዝር ወዴት አለ?» ብትሉኝ መብታችሁ ነው። እነሆ። ከመጻሕፍት «ፍቅር እስከ መቃብርን» እወዳለሁ፤ ሁሉንም ግን አይደለም፤ እጄ የሚመለሰው ጉዱ ካሣ ወደሚናገርባቸው ገጾች ነው፤ የፍቅር ደብዳቤዎቹን እዘልላቸዋለሁ። ከዚያ ቀጥሎ የሸርሎክ ሆልምስን ታሪኮች አነብባለሁ፤ ገዳዩን ካወቅሁት በኋላም እንኳ፥ ስለ ጭጋጉና ስለ ምድጃው እሳት ስል እመለስባቸዋለሁ። ከሙዚቃ የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን የሚተካከል አላገኘሁም። ሰውየው ጀግና በጦር ሜዳ የሚያሰማውን ሽለላ ወስዶ በናስ መሣሪያ አስጮኸው፤ ስሰማው ፎክር ፎክር ይለኛል፥ ጎረቤቶቼም ይህን ያውቃሉ። «ጤዛን» ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ፥ በዓመቱም በዋጋዱጉ መሸለሙ ተገቢ ነው፤ ያ ከጀርመን አገር አካሉ ጐድሎ የተመለሰው ምሁር ከጣና ዳር ተቀምጦ ልጅነቱን ሲፈልግ ማየት ግን ልብን ስለሚያደክም ሦስተኛ ጊዜ አልመለስበትም፤ ስለዚህ ከማከብራቸው ጋር ይጻፍልኝ።

ከፊልም የምወደው የሕንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው «ማዘር ኢንዲያ»። ረጅም ነው፤ ዘፈኑ ይበዛል፤ ልቅሶው ከዘፈኑ ይበዛል፤ የተማሩ ወዳጆቼም ስሙን ስጠራ ፈገግ ይላሉ። ባሏ ጥሏት የሄደ አንዲት የገበሬ ሴት በአራጣ አበዳሪ ዕዳ ተይዛ፥ ቀንበሩን በገዛ ትከሻዋ ተሸክማ ልጆቿን ታሳድጋለች፤ በመጨረሻም ሽፍታ የሆነውን የምትወደውን ልጇን የመንደሩን ልጃገረድ ጠልፎ ሲሄድ በገዛ እጇ ተኵሳ ትገድለዋለች። ጠመንጃውን ስታነሣ እርሱ እናቱ አትተኵስም ብሎ ያምናል። ያን ቦታ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቈጠርሁም፤ ባየሁት ቍጥር ግን መሐረቤን ይዤ ነው።